ቦይኮት የሚሉት ግሥ ቦሌ ሚካኤል ሲገባ

ጥቅምት 19 ቀን 2017፣ ማክሰኞ

ሉሊት የሠርጓን ቀን ቆርጣ መጣች፤ ጥር 18። «አባዬ፣ አዳራሽ የሚባል ነገር እንዳታነሳብኝ። ከዚሁ ከግቢያችን ነው የምወጣው። በድንኳን፣ ከጎረቤት ጋር፣ እማዬ እንደምትፈልገው» አለችኝ። እሺ አልኩ። በሠርግ ጉዳይ ከእሺ ሌላ የማውቀው ነገር የለም። የሚያውቅ ሰው ነበረን፤ እናቷ።

ሱፌን ሞከርኩት፤ አይቆለፍም። ተኮማትሯል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሱፍ ቁምሳጥን ውስጥ ተሰቅሎ እንዴት እንደሚኮማተር ግን ማስረዳት አልቻልኩም።

ወሎ ሰፈር ባለው ማሠልጠኛ አዲስ ምድብ ገብቷል፤ አየር መንገድ ለመቀጠር እንግሊዝኛ የሚያጠኑ ልጆች ናቸው። እንደ ልማዴ በየሳምንቱ የአንድ ግሥ የሕይወት ታሪክ እነግራቸዋለሁ፤ ትርጉሙን፣ ከየት እንደመጣ፣ እንዴት እንደሚነገር። እነሱ የሚፈልጉት ተሳፋሪውን «ዶሮ ይሻልዎታል ፓስታ?» ማለትን ነው። እኔ ላቲን እጨምርላቸዋለሁ። እስካሁን ያመሰገነኝ የለም።

ጥቅምት 22፣ ዓርብ

ጥሩምባ ተነፋ፤ ገና ሳይነጋ። እትዬ ብዙአየሁ አረፉ። ግድግዳ የምንጋራቸው የጋሽ ረጋሳ ባለቤት። ቀብር ስድስት ሰዓት፣ ሚካኤል።

ክፍል አለኝ። መቅረት አይቻልም።

መላ አገኘሁ። እድራችን ከቀብር የቀረን አባል ይቀጣል። ታዲያ እስኪጠይቁኝ ለምን እጠብቃለሁ? ቅጣቴን አሁኑኑ በስልኬ ወደ እድሩ ሒሳብ ላክኩ። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «ከቀብር መቅረት፣ በቅድሚያ» ብዬ ጻፍኩ። ሥርዓት ያለው ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው። ሄድኩ።

ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ

ብሩ ተመልሶ መጣ። የኔትወርክ ችግር ይሆናል። ደግሜ ላክኩ።

ከምሳ በኋላ እንደገና ተመለሰ። በዚህ አገር ቅጣት መክፈል እንኳ መከራ ነው።

ጥቅምት 24፣ እሑድ

የእትዬ ብዙአየሁ ሰልስት ነበር። ልሄድ ተነሳሁ። ኮቴን ለበስኩ፣ አወለቅኩ፣ እንደገና ለበስኩ። ድንኳኑ እስከ በራችን ድረስ ተዘርግቷል፤ አንድ እግሬን ባነሳ ውስጥ ነኝ። በጓሮ በር ወጥቼ በጋራዦቹ በኩል ዞሬ ዳቦ ገዛሁ። ቤት ውስጥ ዳቦ ነበረን። ለነገሩ በጋራዦቹ በኩል ያለው መንገድ ይሻላል፤ ነፋሻ ነው።

ሉሊት ሦስቱንም ቀን እዚያው ሰሃን ስታጥብ ከረመች። «አባትሽ የት ሄደ?» ሲሏት «ሥራ» እንዳለቻቸው ነገረችኝ። ስትነግረኝ ታይ የነበረው ዳቦውን ነው። ሳምንት ሲያልፍና ሰው ሲቀንስ ረጋ ብዬ ለቅሶ እደርሳለሁ። ግርግር አልወድም።

ኅዳር 1፣ እሑድ

የእድር ስብሰባ። ስም ሲጠራ ከእኔ በፊት ያለው ተጠራ፣ ከእኔ በኋላ ያለውም ተጠራ። ጸሐፊው ዘሎኝ ይሆናል ብዬ እጄን አወጣሁ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ገረመው መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉ ጀመር። ዕድሉን አገኘሁ ብዬ ቆምኩና፣ ቅጣቴን ሁለት ጊዜ ልኬ ሁለት ጊዜ እንደተመለሰብኝ፣ ወደፊት የሒሳብ ቁጥሩ ቢጣራ መልካም እንደሆነ አሳሰብኩ።

ተቃውሞ እንኳ አልቀረበም። ጋሽ ረጋሳ ጥቁር ለብሰው ጥግ ላይ መሬት መሬት ያያሉ። ስብሰባው በጸሎት ተዘጋ። በአጠቃላይ ሐሳቤን በአክብሮት የተቀበሉት ይመስለኛል።

ኅዳር 4፣ ረቡዕ

አንድ ደስ የሚል ነገር ልጻፍ፤ ሥራ በሰዓቱ መድረስ ጀምሬያለሁ። ድሮ ከበሬ እስከ አስፋልቱ ድረስ እንዴት አደርክ፣ ልጅቷ ደህና ናት፣ ወገብህን እንዴት አረገህ እየተባለ ታክሲው ያመልጠኝ ነበር። አሁን ሰው ሁሉ ቸኩሏል። ኑሮው ነው።

ባለሱቁ ሊባንም ተለውጧል። ድሮ አንድ ሳሙና ስገዛ አንድ ቀልድ ይመርቅልኝ ነበር። አሁን መልሴን ባንኮኒው ላይ ያስቀምጠዋል፤ እጄ ተዘርግቶ እያየ። ገበያ ቀዝቅዞበት ይሆናል፤ አሳዘነኝ።

ኅዳር 6፣ ዓርብ

የሳምንቱ ግሥ፦ ቦይኮት። ልጆቹ የወደዱልኝ የመጀመሪያው ግሥ ነው፤ ስለዚህ ለመታሰቢያ በደንብ እጽፈዋለሁ።

ትርጉሙን ሁሉም ያውቀዋል። አንድን ሰው ወይም ድርጅት ለመቅጣት ተባብሮ አለመግዛት፣ አለመሸጥ፣ አለመነጋገር ነው። እዚህም ስብሰባ ቦይኮት ይደረጋል፣ ካፌ ቦይኮት ይደረጋል። ቃሉ የሰው ስም እንደሆነ ስነግራቸው ግን ስልኩን ሲነካካ የነበረው ሁሉ ቀና አለ።

አየርላንድ ውስጥ ከመቶ አርባ ዓመት በፊት ገደማ ሻምበል ቦይኮት የሚባል እንግሊዛዊ ነበር፤ የአንድ ባላባት መሬት ወኪል። አዝመራው ሲከፋ ጭሰኞቹ ኪራይ ይቀነስልን አሉ፤ እሱ ሊያፈናቅላቸው ተነሳ። ዱላ ያነሳበት የለም። ሠራተኞቹ ማሳውን ጥለው ሄዱ፣ ባለሱቁ አልሸጥልህም አለ፣ ልብስ አጣቢዋ ቀረች፣ ደብዳቤ የሚያደርስለትም ጠፋ። ይህን ነገር ምን ብለን እንጥራው ሲባባሉ፣ የሰፈሩ ቄስ ገበሬውን ከባድ ቃል ከማስጠናት በሰውየው ስም ብንጠራው ይሻላል አሉ ይባላል። ዓመቱ ሳይወጣ ስሙ ጋዜጣ ላይ ግሥ ሆነ። ሻምበሉ በሕይወት እያለ፣ በራሱ ስም ሌሎች ሰዎች ሲኮረፉበት አነበበ።

ሀይሚ የምትባል ፈጣን ልጅ አለች፤ ጥያቄ አያልቅባትም። «ቲቸር፣ ሰውየው ግን ነገሩ የገባው መቼ ነው? መጀመሪያ ላይ እንዲሁ ሰው የቸኮለ አይመስለውም?» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ።

«ሀይሚ፣ ሰው እዚህ ድረስ አይደነዝዝም» አልኳት።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ፣ ሚካኤል

ይደነዝዛል።

ሰፈሩ ከጠዋት ጀምሮ ቆሻሻውን እያነደደ በጭስ ታፍኗል። ለንግሥ ወጣሁ። ከጭሱ ውስጥ ብቅ ያለውን ሁሉ «እንኳን አደረሰህ፣ እንኳን አደረሰሽ» እላለሁ፤ «እንኳን አብሮ አደረሰን» የሚል ጠፋ። ጋሽ ገረመው ፊት ለፊቴ መጡ። እጄን ዘረጋሁ፤ እሳቸው ነጠላቸውን አስተካከሉ። የተዘረጋ እጅ ምን ይደረጋል? ዝንብ እንደሚያባርር ሰው አወናጨፍኩት። ኅዳር ላይ፣ በዚያ ሁሉ ጭስ መሃል፣ ዝንብ።

ታቦቱ ሲወጣ እልልታው ቀለጠ። እኔ ከሕዝቡ መሃል ቆሜ በዙሪያዬ ክፍት ቦታ እንዳለ አየሁ፤ ተለክቶ የተተወልኝ ይመስላል። ያኔ ነው የሻምበሉ ስም የመጣብኝ። ይህን ግሥ ሳስተምር ፀጉሬ ሸብቷል፤ ቤቴ ሲገባ ግን አላወቅኩትም። ለሀይሚ መልስ አለኝ፤ ሰውየው ነገሩ የገባው ከሁሉም ሰው በኋላ ነው።

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ

ሉሊት ስለ ሠርጉ ልትነግራቸው ጋሽ ገረመው ዘንድ ሄደች። ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ድስትና ሰሃን እድሩ ለአባል ይሰጣል። ድንኳን የሚተክሉት ወንዶች፣ ወጥ የሚያወጡት ሴቶች፣ ሙሽራ ሲወጣ የሚዘፍኑት ግን ጎረቤቶች ናቸው። ፊቷ አባብጦ ተመለሰች።

«ዕቃው የአባትሽም ነው ልጄ፣ ይውሰድ። ሰው ግን ዕቃ አይደለም፤ እኔ አዝዤ አልልክልሽም አሉኝ» አለች። ቀጥላም፣ «ቅጣት የሚጣለው ለቀረ ሰው ነው፤ አባትሽ ግን ብዙአየሁ አፈር ሳትለብስ ሒሳቧን ዘጋ አሉ። አባዬ፣ ምን ብለህ ነው የላክኸው?»

«በቅድሚያ» አልኳት።

«ያን ቀን እውነት ክፍል ነበረህ?»

«የሥራ ጉዳይ ነው» አልኳት፤ ያውም ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ እንደ አለቃ።

ግድግዳ ነው የሚለያችሁ፣ ለምን አትሄድም አለችኝ። እሄዳለሁ አልኩ። በግድግዳው በኩል የጋሽ ረጋሳ ሬዲዮ ይሰማኛል። ጆሯቸው ትንሽ ይከብዳል፤ ድሮ እትዬ ብዙአየሁ ነበሩ የሚቀንሱት። አሁን የሚቀንሰው የለም።

ታኅሣሥ 1፣ ማክሰኞ

አርባቸው ትናንት ወጣ። አልሄድኩም። ራሴን አሞኝ ነበር። እውነተኛ ራስ ምታት ነው።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

ሻምበሉ ድንቹን የሚቆፍርለት ሲያጣ ከሰሜን ሃምሳ ሰው መጣለት፤ እነሱን የሚጠብቅ ሺህ የሚጠጋ ወታደር ታዘዘ። ድንቹ ተቆፈረ። ወጪው የድንቹን ዋጋ ስንት እጥፍ አለፈ። ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው፣ ምን ዓይነት ግትር ነው ብዬ አሹፌበት ነበር።

ዛሬ ቦሌ መንገድ ወርጄ ሠርግ አዘጋጅ ድርጅት አነጋገርኩ። የእኔ ሃምሳዎቹ ነጭ ጓንት ያጠልቃሉ። ያነጋገረኝ ልጅ በጣም ትሑት ነው። «ጋሼ፣ ጎረቤት ካነሰብዎትም ችግር የለም፤ የአገር ልብስ የለበሱ ልጆች እናመጣለን። ጭፈራና እልልታ ከፓኬጁ ውስጥ ነው» አለኝ። ልፈርም ጎንበስ ብዬ ነበር። ሉሊትን ልጠይቅ ብዬ ተመለስኩ።

ጠየቅኳት። «በኪራይ እልልታ ከእማዬ ቤት አልወጣም። እንደሱ ከሆነ ሠርጉ ይቅር» አለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ክፍሏ ገብታ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው፤ እናቷም ስትቀየመኝ በር የምትዘጋው እንደዚያ ነበር።

ታኅሣሥ 11፣ ዓርብ

ቦይኮት በሚለው ግሥ ዓረፍተ ነገር ሥሩ ብዬ ነበር። ሀይሚ እንዲህ የሚል አነበበች፦ «እናቴ ሆስፒታል ከሞተች ወዲህ አባቴ በዚያ በር የሚያልፍ ታክሲ ሁሉ ቦይኮት አድርጓል።»

እኔ ደግሞ ማረም የማይሰለቸኝ ሰው፣ «ልክ አይደለም» አልኳት። «ቦይኮት የሚደረገው ሌላውን ለመቅጣት ነው። አባትሽ ማንን እየቀጣ ነው?»

«ማንንም። ይፈራል።»

«እንግዲያው ሌላ ግሥ ነው የሚያስፈልግሽ።»

«ምን የሚል ቲቸር?»

እንግሊዝኛው ጠፋብኝ። አማርኛውም ጠፋብኝ። ጠመኔ የነካውን እጄን በሱሪዬ ጠረግኩና ክፍሉን ቀድሜ ለቀቅኩ።

እንግዲህ ልጻፈው፤ የሚያነበው የለም። ያን ዓርብ ክፍል አልነበረኝም። ቀብሩ እስኪያልቅ ድረስ ወሎ ሰፈር አንድ ካፌ ውስጥ ቁጭ ብዬ ማኪያቶ አቀዘቀዝኩ። በነገራችን ላይ ሁለተኛም አዘዝኩ፤ እሱንም አቀዘቀዝኩት።

ድንኳኑ ያው ድንኳን ነው። ባለቤቴ ማኅደር የሞተች ጊዜ በራችን ላይ የቆመው። ጣሪያው ላይ የተጣፈበትን ቦታ አውቀዋለሁ፤ ሰው እግዜር ያጽናህ ሲለኝ ሳይ የነበረው እሱን ነው። ያኔ እትዬ ብዙአየሁ ልጄን አቅፈው መሬት ላይ ተኙ፤ ጋሽ ረጋሳ አፌ ላይ ጉርሻ ይዘው ዋጥ አድርገው እያሉ ለመኑኝ። የእኔን ሚስት እንደዚያ የቀበሩልኝን ሰዎች፣ ተራቸው ሲደርስ ቅጣት ከፍዬ ተገላገልኳቸው። ሰፈሩ ቦይኮት አደረገኝ እያልኩ ወር ሙሉ ሳለቃቅስ ነበር። የጀመርኩት እኔ ነኝ።

ታኅሣሥ 13፣ እሑድ

ጋሽ ረጋሳ ዘንድ ሄድኩ። በፊት ለፊቱ በር። ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ መግቢያ ያለው።

ራሳቸው ከፈቱ። ቆመው አዩኝ። «ኮቱ» አሉ በኦሮምኛቸው፣ «ና ግባ።» አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ልል አፌን ስከፍት ሌላ ድምፅ ወጣ። ማኅደር ስትሞት እንዲህ አላለቀስኩም፤ ያኔ ጉሮሮዬን እየጠረግኩ እንግዳ ስቀበል ነበር። ዛሬ ትከሻዬ፣ ሆዴ፣ የማይቆለፈው ሱፌ ሳይቀር ተንቀጠቀጠ። ጋሽ ረጋሳ ተነስተው ውሃ አመጡልኝ። ለቅሶ ልደርስ ሄጄ ሐዘንተኛው «በቃ፣ በቃ፣ ጠጣ» እያሉ እኔን ያባብሉኛል። ከንግግሬ አንዲት ቃል አልወጣችም።

ቆይተው፣ «ብዙዬ ታውቅህ ነበር» አሉኝ። «ማኅደር ካረፈች ወዲህ ድንኳን ስታይ በጋራዦቹ በኩል እንደምትዞር ነግራኛለች። በቀብሩ አልተቀየምኩህም አክሊሉ። ሰው ይፈራል።»

ውሃውን ጨርሼ ጠጣሁ።

«ብሩን ግን ለምን ላክህ?»

ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩ።

«ያውም ሁለቴ።»

«ኔትወርክ መስሎኝ ነው» አልኩ።

ጎንበስ ብለው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። አስለቀስኳቸው ብዬ ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቁ ነው። «ኔትወርክ!» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «ብዙዬ ይህን ሳትሰማ ሞተች።» ከዚያ በእውነት አለቀሱ፤ አብሬአቸው አለቀስኩ። ከዚህ በፊት ያልደረስኩትን ለቅሶ ደረስኩ።

ጥር 4፣ እሑድ

የእድር ስብሰባ። «አክሊሉ!» ተባለ። «አለሁ!» አልኩ፤ ጮክ አልኩ መሰለኝ፣ ሰው ዞሮ አየኝ።

ጋሽ ገረመው፣ «ከቀብር ቀርተሃል፣ ከአርባ ቀርተሃል፤ ትቀጣለህ» አሉኝ። ደስ አለኝ። እጄ ወደ ስልኬ ሲሄድ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። «በእጅህ!» አሉ። በእጄ ሰጠሁ፣ በእጃቸው ተቀበሉኝ።

«አላበቃም» አሉ ጋሽ ገረመው። «እስከ ፋሲካ ከድንኳን ተካዮች ጋር ትቆጠራለህ። ጥሩምባ በተነፋ ቁጥር መዶሻ ይዘህ ትመጣለህ።» ያሳሰቡት ጋሽ ረጋሳ ናቸው አሉ። ቀና ብዬ አየኋቸው፤ መሬት መሬት ያያሉ።

ሻምበል ቦይኮት ከዚያ አገር ሲወጣ ሠረገላ የሚነዳለት ጠፍቶ በወታደር አምቡላንስ ነው የሄደው። አሳዘነኝ። የሚቀጣው አልነበረውም።

ጥር 17፣ ቅዳሜ

ድንኳን እየተተከለ ነው። ሊባን ወንበር ተሸክሞ መጣ፤ ቀልዱ ያው የድሮው ነው፣ አያስቅም፣ ሳቅኩ። ግቢው በሴቶች ተሞልቷል፤ ሽንኩርት፣ ጭስ፣ ጫጫታ። ጋሽ ረጋሳ ጥቁራቸውን እንደለበሱ መጡ። ሐዘን ላይ ነኝ፣ አልበላም አልጠጣም፣ ካስማውን ግን ለእናንተ አላምንም አሉ። የመታሁትን አይተው ነቀሉት። «ይህ ካስማ ነው ጥርስ መፋቂያ?» አሉኝ። ጊዜ የለኝም፤ ይጠሩኛል።

ጥር 19፣ ሰኞ

ልጄ ትናንት ወጣች። ሰፈሩ በሙሉ ነበር። ሱፌ አልተቆለፈም፤ ሊባን የሰጠኝ መርፌ ቁልፍ ምርቃቱ መሃል ላይ ተፈናጥሮ የሙሽራውን አጎት መታ።

ጋሽ ረጋሳ ግቢ አልገቡም፤ ሐዘንተኛ ሠርግ አይገባም ብለው ከበር ውጭ ቆሙ። መኪናው ሊንቀሳቀስ ሲል ሉሊት አስቆመችው። በዚያ ሁሉ ቀሚስ ወርዳ አቧራው ላይ ተንበርክካ ጉልበታቸውን ሳመች። ጥቁሩ ኮታቸው ላይ አበባ ቀረ፤ አላራገፉትም። እማዬ እንደምትፈልገው ነበር ያለችኝ። እንደምትፈልገው ሆነ። ይህን ስጽፍ ዓይኔ አስቸገረኝ።

ቤቱ ጭር ብሏል። ግድግዳው ማዶ ሬዲዮው ሲጮህ መታሁት። ተቀነሰ።

ጥር 20፣ ማክሰኞ

ጥሩምባ። ገና አልነጋም። ከታች ሰፈር አንድ አዛውንት ናቸው፤ ስማቸውን አጥርቼ አልሰማሁም።

ዛሬ ክፍል አለኝ። የእውነት። ልጆቹ ነገ ይፈተናሉ። ለሀይሚ ደውዬ ከእንቅልፏ ቀሰቀስኳትና እስክመጣ አንቺ አስጠኚልኝ አልኳት። «ምን ሆነው ነው ቲቸር?» ብላ ደነገጠች።

«ድንኳን ልተክል ነው» አልኳት።

ጋሽ ረጋሳ ግድግዳውን እየመቱ ነው። መዶሻውን አነሳሁ። መጣሁ፣ አልኩ።